የምስጋና መልእክት ለዋልያዎቹ፤ ስለ ጥር 13 ቀን

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን ተጫዋቾች፣ ለዋና አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው፣ ለረዳቶቻቸውና በዚያ ሰሞን አብረውን ለነበሩ ሁሉ፤

ይህን ደብዳቤ የአፍሪካ ዋንጫው ሳይጠናቀቅ ጀምሬው አቋርጬው ነበር። ከምድባችን የተሰናበትን ሰሞን ልቤ ገና ስላልበረደ፣ ከምስጋናዬ ጋር ቅሬታ ተደባልቆ እንዳይወጣ ፈራሁ። አሁን ውድድሩ የካቲት 3 ቀን 2005 ዓ.ም. በናይጄሪያ አሸናፊነት ተፈጽሞ ሁሉም ወደየአገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ ከጆሃንስበርግ በአንድ ሚኒባስ አብረውኝ በተጓዙት ደጋፊዎችና በራሴ ስም ከልብ የመነጨ ምስጋናችንን በአደባባይ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ። ከምስጋናው ጋር አንድ ይቅርታም አለብኝ፤ እሱንም በቦታው እናገራለሁ።

ሰኞ ጥር 13 ቀን፣ ከዛምቢያ ጋር የምታደርጉትን የመጀመሪያ ጨዋታ ለማየት ገና ሳይነጋ ነበር ወደ ደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት ከተማ የተነሣነው። መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አብዛኞቻችን በሱቅ ሥራ የምንተዳደር በመሆናችን በሥራ ቀን በር መዝጋት ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከመካከላችን ከሁለት ቀን በፊት የጥምቀትን በዓል እንኳ ከመደርደሪያቸው ኋላ ቆመው ያሳለፉ ልጆች ነበሩ። ለእናንተ ሲሉ ግን ቁልፋቸውን ቆልፈው፣ ባንዲራቸውን አጣጥፈው ከተባለው ሰዓት ቀድመው ደረሱ።

ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ዕድሜያቸው ስልሳን የተሻገረ አንድ አባትም አብረውን ነበሩ። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ለረጅም ሰዓት ዝም ብለው ከተጓዙ በኋላ ድንገት ዞር ብለው «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ጥር 13 መሆኑን ስንነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ባዘጋጀችው ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ፣ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ያነሣችው በዚሁ በጥር 13 ቀን ነበር። እሳቸው ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ሲሆኑ፣ አባታቸው ትከሻቸው ላይ አስቀምጠዋቸው ነው ጨዋታውን ያዩት። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ማለቁን፣ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ማግባታቸውን፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ መቀበሉን ልክ እንደ ትናንት ነገር ተረኩልን። እንግዲህ እናንተ ከዛምቢያ ጋር የምትጫወቱት በትክክል በ51ኛ ዓመቱ፣ በዚያው ዕለት ነበር። ከእሳቸው በቀር ይህን ያስተዋለ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ በሚኒባሱ ውስጥ የነበረው ወሬ ሁሉ ተለወጠ።

ኢትዮጵያ በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ ከተካፈለች ወዲህ ለ31 ዓመታት የአፍሪካ ዋንጫን ከሩቅ ስትመለከት ኖራለች። አብዛኞቻችሁም ያን ጊዜ አልተወለዳችሁም። በማጣሪያው በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፋችሁ ስትመለሱ ተስፋ የቆረጥን ብዙዎች ነበርን፤ ጥቅምት 4 ቀን በአዲስ አበባ ስታዲየም አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ባስቆጠሯቸው ሁለት ግቦች፣ ከሜዳ ውጪ ባገባችኋቸው ብልጫ ስታልፉ ግን እዚህ በስደት ያለነው ሰዎች በየስልካችን ስንላቀስ አመሸን። ለዚያ ቀን ያላቀረብነውን ምስጋና አሁን ተቀበሉን።

የኔልስፕሩቱ የምቦምቤላ ስታዲየም ጣሪያውን የተሸከሙት ምሰሶዎች ቀጭኔ መስለው የተሠሩ ናቸው። በእነዚያ ቀጭኔዎች ሥር አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ለብሶ የቆመውን ሕዝብ ስመለከት፣ በዚህ አገር ይህን ያህል ኢትዮጵያዊ መኖሩን ከዚያ በፊት በዓይኔ አይቼ እንደማላውቅ ተረዳሁ። ተጋጣሚያችን የዋንጫው ባለቤት ነበረች። አብዛኞቻችሁ በአገር ቤት ክለቦች የምትጫወቱ ልጆች ስለሆናችሁ፣ ብዙ ሰው ምን ያህል ግብ እንደሚገባብን እንጂ ሌላ አልጠበቀም ነበር። እናንተ ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ኳሱን መሬት ለመሬት እየተቀባበላችሁ ተጫወታችሁ። የፍፁም ቅጣት ምት ስናገኝ ከጎኔ የነበረው ወጣት ቀድሞ ለደስታ እጁን አንሥቶ ነበር፤ የዛምቢያው ግብ ጠባቂ ኬኔዲ ምዊኔ የሳላዲንን ምት ሲያድንበት ያነሣውን እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆየ። ሳላዲን ሆይ፣ ስለዚያ ምት ማንም ቢናገርህ፣ ከእኛ ሚኒባስ ግን አንድም ክፉ ቃል እንዳልወጣብህ ላረጋግጥልህ እፈልጋለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ኳሱን አስቀምጠህ ለመምታት መቆምህ ራሱ ምስጋና ይገባዋል።

ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው ከግብ ክልሉ ወጥቶ ከዛምቢያው ቺሳምባ ሉንጉ ጋር ተጋጨና በቀይ ካርድ ተሰናበተ። ይቅርታ የምጠይቅበት ቦታ እዚህ ላይ ነው። ከደጋፊው መካከል ጠርሙስና ቩቩዜላ ወደ ሜዳ መወርወር ጀመረ፤ ጨዋታውም ለደቂቃዎች ተቋረጠ። ብዙዎች ያን ጊዜ ስላደረጉት ነገር ሲናገሩ «አንዳንድ ሥርዓት የሌላቸው ሰዎች» ይላሉ። እኔ እንዲህ ማለት አልችልም፤ ምክንያቱም ከወረወሩት አንዱ እኔ ነበርሁ። በእጄ የነበረውን የውሃ ጠርሙስ ወረወርሁት፤ ሁለተኛ ነገር ፍለጋ ጎንበስ ስል እኚያ አባት ክንዴን ይዘው «ልጄ፣ እነሱ እኮ ገና እየተጫወቱ ነው» አሉኝ። ቀና ብዬ ወደ ሜዳው ስመለከት ከመካከላችሁ አንዱ በጎን መስመሩ አጠገብ ወገቡን ይዞ የተወረወረው ዕቃ እስኪነሣ ይጠብቅ ነበር።

ይህ ነገር ከአእምሮዬ ያልጠፋው ቀጥሎ በሆነው ምክንያት ነው። ኮሊንስ ምቤሱማ የዛምቢያን ግብ ያስቆጠረው በመጀመሪያው አጋማሽ ጭማሪ ሰዓት ነበር። ከዚያ ጭማሪ ሰዓት ምን ያህሉ በእኛ ምክንያት የባከነ እንደሆነ ልለካው አልችልም፤ ግን ጨዋታው የቆመው በእኛ ጥፋት ጭምር ስለ ነበረ፣ አሥር ሰዎች ሆናችሁ ያንን ተጨማሪ ሰዓት የተከላከላችሁት የእኛን ዕዳ ጭምር ተሸክማችሁ ነው። ስለዚህ ለመላው ተጫዋቾች፣ ለዳኞቹና ለዛምቢያ ቡድን ከልቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያን ጊዜ አጠገቤ ሆነው የወረወሩና ይህን የሚያነቡ ወንድሞች ካሉ፣ እነሱም በራሳቸው አንደበት እንዲጠይቁ አደራ እላለሁ።

ከእረፍት ስትመለሱ ምን እንደተባባላችሁ አላውቅም። በሰው ቁጥር አንሳችሁ፣ በግብ ተመርታችሁ፣ ባለዋንጫዋን ቡድን ፊት ለፊት እያያችሁ ወደ ኋላ ትሸሻላችሁ ብለን ስንጠብቅ፣ እናንተ ወደ ፊት መጣችሁ። ኳሱን ስትቀሙ አትጠልዙትም፤ ለቅርብ ጓደኛችሁ ሰጥታችሁ ቦታ ትይዛላችሁ። ከሜዳው ርቆ ለተቀመጠ ሰው እንኳ የጎደላችሁ ሰው መኖሩን ለማስተዋል መቁጠር ያስፈልገው ነበር። እኔ በእርግጥ ቆጥሬያለሁ፤ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሁለቱንም ጊዜ አሥር ሆናችሁብኝ። በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ ያችን ግብ ሲያስቆጥር የሆነውን በሥርዓት ልጽፈው ሞክሬ አልተሳካልኝም። የማስታውሰው ከፊቴ የነበረው ወንበር ላይ መውጣቴን፣ የማላውቀው ሰው አንገቴን አቅፎ «አገባን፣ አገባን» እያለ ማልቀሱን፣ እኚያ አባት ደግሞ ሳይነሡ ቁጭ እንዳሉ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ እንደ ነበር ነው። የቀሩት ሃያ አምስት ደቂቃዎች ከየትኛውም የሥራ ቀን ይልቅ ረዘሙብን። ፊሽካው ሲነፋ 1 ለ 1 ነበር፤ በ31 ዓመት ውስጥ በአፍሪካ ዋንጫ ያገኘናት የመጀመሪያዋ ነጥብ በእጃችን ገባች።

አጠገባችን የነበሩትን የዛምቢያ ደጋፊዎች ሳላመሰግን ማለፍ አይገባኝም። ጠርሙስ ስንወረውር በጣም ተቆጥተውን ነበር፤ ተገቢም ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ግን መጥተው እጃችንን ጨበጡ፤ አንዱም ሻርፑን ለሚኒባሳችን ሾፌር አንገቱ ላይ አደረገለት። ቡድናቸው ሦስቱንም ጨዋታ አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ከምድቡ ሲሰናበት እኛም ከልብ አዝነንላቸዋል።

የስታዲየሙን የጽዳት ሠራተኞችም እንዲሁ አመሰግናለሁ። በዚያው ሜዳ ያን ማታ የናይጄሪያና የቡርኪና ፋሶ ጨዋታ ስለ ነበረ፣ ሠራተኞቹ ቆሻሻውን በጥድፊያ ማንሣት ነበረባቸው። እኚያ አባት ለማንም ሳይናገሩ ጎንበስ ብለው ከመቀመጫዎቹ ሥር ጠርሙስ መልቀም ሲጀምሩ አንዲት ሠራተኛ አይታ ትልቅ ጥቁር ፌስታል አምጥታ ሰጠቻቸው። ከዚያ እኛም ተከተልን። ከወረወርሁት ጠርሙስ በኋላ እጄ የሠራው የሚረባ ነገር ይኸው ነበር፤ ያችን ሴት ስሟን ስላልጠየቅሁ በዚህ አመሰግናታለሁ።

ጥር 17 ቀን ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ረታችን። ስለዚያ ጨዋታ ብዙ የምለው የለኝም፤ በልጠውን አሸነፉ። ጥር 21 ቀን በሩስተንበርግ ከናይጄሪያ ጋር ያደረጋችሁት ግን ከጥር 13 ቀጥሎ በልቤ የተቀመጠ ነው። እስከ 80ኛው ደቂቃ ግብ ሳታስተናግዱ ቆማችሁ፤ ቪክቶር ሞሰስ ሁለቱንም ግብ ያስቆጠረው በፍፁም ቅጣት ምት ነው። ሁለተኛው ምት በተሰጠበት ጊዜ ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫ በሁለተኛ ቢጫ ወጣ፤ ተቀያሪ አልቆ ስለ ነበር አማካዩ አዲስ ሕንፃ ጓንት አጥልቆ ግቡ ላይ ቆመ። አዲስ ሆይ፣ ኳሷ ገብታብህ ይሆናል፤ እኛ ግን የማያውቁትን ሥራ ሌላ ሰው በሌለበት ሰዓት መቀበል ምን እንደሆነ በስደት ኑሯችን በደንብ ስለምናውቀው፣ ለአንተ ለብቻህ ቆመን አጨብጭበናል። ሁለቱ ያሸነፉን ቡድኖች በመጨረሻ ለዋንጫ የተገናኙት እነሱው መሆናቸውንም ልጽፈው እወዳለሁ፤ ከማን ጋር ስትታገሉ እንደ ነበር የሚያሳይ ነውና።

አሰልጣኝ ሰውነት፣ እርስዎን በተለይ የማመሰግነው አሥር ሰው ቀርተውዎት ሳለ ቡድኑ ኳስ መጫወቱን እንዲቀጥል ስላደረጉ ነው። ግቡን ዘግቶ መቆምን ቢመርጡ ማንም አይወቅስዎትም ነበር፤ እኛም ያችን የ65ኛ ደቂቃ ግብ አናያትም ነበር። በአገር ቤት በየአደባባዩና በየቤቱ ሆናችሁ ለተከታተላችሁ ወገኖቻችንም፣ ያን ማታ በስልክ የሰማነው ጩኸታችሁ እስከ ሚኒባሳችን ድረስ እንደ ደረሰ ልንገራችሁ።

እኚያ አባት ወደ አዲስ አበባ ከመመለሳቸው በፊት የመግቢያ ትኬታቸውን አውጥተው በጀርባው ሁለቱን ዓመተ ምሕረት እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ፤ ጥር 13 ቀን 1954 እና ጥር 13 ቀን 2005 ብዬ ጻፍሁላቸው። ይህን ደብዳቤ ልጽፍ መሆኔን ስነግራቸው ደግሞ እንዲህ ብለው ላኩኝ፦ «ላገባው ልጅ እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ። አባቴ ቢኖሩ እሳቸውም ይሉት ነበር።» አዳነ፣ መልእክታቸውን አድርሻለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
ከጆሃንስበርግ ወደ ኔልስፕሩት ከተጓዙት ደጋፊዎች አንዱ
የካቲት 2005 ዓ.ም.