ፖሉ ሲደርስ ሶላሩ ምን ይሁን?

ይድረስ ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ኃላፊዎችና ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ ዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ሲደርስ የገጠር ሚኒ ግሪዶች (አንድን መንደር ለብቻው የሚያበሩ አነስተኛ የኤሌክትሪክ መረቦች) ዕጣ ምን እንደሚሆን ግልጽ እንዲደረግ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልን።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ሁላችንም አጨብጭበናል። 5,150 ሜጋ ዋት ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው ዛሬም ቤቱ መብራት የለም። ግድቡ ኃይል ያመነጫል፣ ቤት ለቤት የሚያደርሰው ሽቦ ግን ገና ነው። ተራራ ለተራራ ተበታትኖ የሚኖር ገበሬ ዘንድ 33 ኪሎ ቮልት መስመር መዘርጋት፣ ትራንስፎርመር መስቀል፣ ከዚያ በወር ጥቂት ብር መሰብሰብ አያዋጣም። ይህን መንግሥት ራሱ ያውቀዋል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ሰው መብራት ለማድረስ ሲያቅድ፣ 65 በመቶውን ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጪ በሶላርና በሚኒ ግሪድ ብሎ ነበር። ቀነ ገደቡ አልፏል።

የምጽፍላችሁ ስለዚያ 35 በመቶ ነው። እንደ ኦሞራቴ ባሉ ቦታዎች መንግሥት ራሱ የሶላር ሚኒ ግሪድ ተክሏል። ጥሩ ነው። ግን አገሩን ሁሉ በመንግሥት በጀት መሸፈን እንደማይቻል እናንተም ትናገራላችሁ። ስለዚህ የግል ባለሀብትና የኅብረት ሥራ ማኅበር ይምጣ ተብሏል። ለምን በብዛት አይመጡም? ብድሩ፣ ዶላሩ፣ መንገዱ፣ ጸጥታው ሁሉም ምክንያት ነው። የእነዚህ መፍትሔ እናንተ ቢሮ ውስጥ የለም። አንዱ ምክንያት ግን እናንተ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ድርጅት ከመስመር ርቆ ያለ ቀበሌ ይመርጣል። ፓነል፣ ባትሪ፣ ኢንቨርተር ይተክላል። የእንጨት ምሰሶ አቁሞ ሽቦ ይዘረጋል፣ በየቤቱ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ያስገባል። ገንዘቡን ለመመለስ አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ያስፈልገዋል። በሦስተኛው ዓመት መብራት ኃይል ፖል ይዞ ይመጣል። ሕዝቡ እልል ይላል፤ ማለትም አለበት። ከዋናው መስመር በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤተሰብ ታሪፉ ለረጅም ዓመታት በኪሎ ዋት ሰዓት 0.273 ብር ነበር። አሁን እየተስተካከለ ቢሆንም ከሚኒ ግሪድ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ማንም ጤነኛ ሰው ርካሹን ይመርጣል። ድርጅቱ ግን በዚያው ወር ደንበኛ አልባ ይሆናል።

ይህ እንደሚመጣ የሚያውቅ ባለሀብት ከሁለቱ አንዱን ያደርጋል። ወይ ጭራሽ አይመጣም። ወይ ደግሞ ፖሉ ሳይደርስብኝ ብሎ ወጪውን በአምስት ዓመት ለመመለስ ዋጋውን ይቆልላል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ብዙም አይሻልም፤ የጥርጣሬውን ዋጋ የሚከፍለው ገበሬው ነውና። ባንኩም ቢሆን መልስ የሌለው ጥያቄ ያለበትን ፕሮጀክት አያበድርም።

ይህን መንገድ ቀድመውን የሄዱ አገሮች አሉ። ስሪላንካ ውስጥ ከ200 በላይ የመንደር አነስተኛ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች ተሠርተው ነበር። ዋናው መስመር ሲደርስ ከ100 በላይ የሚሆኑት ተዘግተው ቀሩ። ተርባይኑ እየሠራ፣ ውሃው እየፈሰሰ። ካምቦዲያ ግን ሌላ መንገድ መረጠች። በናፍጣ ጀነሬተር መንደር ያበሩ የነበሩ የግል ድርጅቶች መስመሩ ሲደርስ ጀነሬተሩን አጥፍተው፣ ከዋናው መስመር በጅምላ ገዝተው በችርቻሮ የሚሸጡ ፈቃድ ያላቸው አከፋፋዮች ሆኑ። እንዲህ የተሸጋገሩት በመቶዎች ይቆጠራሉ። ልዩነቱን ያመጣው ቴክኖሎጂ አይደለም። ተቆጣጣሪው አካል መንገዱን አስቀድሞ መክፈቱ ነው።

ናይጄሪያ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ነገሩን በቀመር አስቀመጠችው። ፈቃድ ያለው ሚኒ ግሪድ ዘንድ መስመሩ ሲደርስ ባለቤቱ ተያይዞ መሥራት ይችላል። ንብረቱን አስረክቦ መውጣት ከፈለገም የእርጅና ቅናሽ ተደርጎበት የቀረው የንብረቱ ዋጋና ያለፈው 12 ወር ገቢ ይከፈለዋል። ሰውዬው ገና ብር ሳያወጣ በከፋ ቀን ስንት እንደሚያገኝ በካልኩሌተር ያውቃል ማለት ነው።

እኛም የሕግ ድሃ አይደለንም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 አለ። የኢነርጂ ደንብ ቁጥር 447/2011 አለ። ራሱን የቻለ የሚኒ ግሪድ መመሪያም አውጥታችኋል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። የእኔ ጥያቄ ወረቀቱ ላይ ምን ተጻፈ የሚል ብቻ አይደለም። መስመሩ በደረሰ ዕለት የካሳውን ቼክ የሚፈርመው ማን ነው? የኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው? ሚኒስቴሩ ነው? ክልሉ ነው? ገንዘቡስ ከየትኛው የበጀት መደብ ይወጣል? የካሳ ከፋዩ ስም ከነበጀቱ ፈቃዱ ላይ ካልሰፈረ፣ አንቀጹን ይዞ ቢሮ ለቢሮ የሚንከራተት ሰው ነው የምታፈሩት። «ነገ ተመለስ» የሚለውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን።

የካሳውም ስሌት ቢሆን ለእኛ አገር ሌላ ጣጣ አለው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ፓነሉም ባትሪውም ከውጭ በዶላር የሚገባ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተተከለ ዕቃ በመዝገብ ላይ ባለው የብር ዋጋ ይካስ ከተባለ፣ ባለቤቱ ያንኑ ባትሪ ግማሹን እንኳ መልሶ አይገዛም። ስለዚህ የናይጄሪያን ቀመር እንዳለ መገልበጥ አይበቃም። ስሌቱ የመተኪያ ዋጋን መነሻ ማድረግ አለበት።

«ነጋዴ ለከሰረበት መንግሥት ለምን ይካስ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን እስቲ መብራት ኃይል የሚረከበውን እዩት። የቆመ ምሰሶ፣ የተዘረጋ ሽቦ፣ የተገጠመ ቆጣሪ፣ ከሁሉም በላይ በየወሩ መክፈል የለመደ ደንበኛ። ባትሪውና ፓነሉም ቢሆኑ አይጣሉም። የገጠር መስመር ጫፍ ላይ ያለ ቀበሌ መብራት በሄደ ቁጥር ጤና ጣቢያውና ወፍጮ ቤቱ በዚያው ሶላር ሊሠሩ ይችላሉ።

ይህ ርክክብ የሚሳካው ግን ምሰሶውና ሽቦው ከዋናው መስመር ደረጃ ጋር ከተስማሙ ነው። ደረጃውን የጠበቀ መስመር ደግሞ ውድ ነው። ሃያ ዓመት ዋናው መስመር የማይደርስበት ቆላ ውስጥ ያን ያህል ወጪ ማስወጣት ገበሬውን መቅጣት ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ለሚደርስበት ከተማ ቅርብ ቀበሌ ግን ቀጭን ሽቦ መፍቀድ ብክነት ነው። ለሁለቱ አንድ መስፈርት አይሠራም። የትኛው ቀበሌ የቱ ውስጥ እንደሚወድቅ ለመወሰን መስመሩ መቼ የት እንደሚደርስ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምናችሁ ካርታውን ነው። የኤሌክትሪክ አገልግሎት በቀጣዮቹ አምስት ዓመታት መስመር ሊያደርስባቸው ያቀዳቸውን ቀበሌዎች ከዓመተ ምሕረታቸው ጋር ተቀብላችሁ ይፋ አድርጉት። በየዓመቱም አድሱት። ዕቅድ ሊቀየር ይችላል፤ ማንም አይቀየም። ካርታው ላይ ያልነበረ ቀበሌ ዘንድ መስመር ድንገት ከመጣ ግን ካሳው ከፍ ይበል፤ ካርታው ላይ እያለ ደፍሮ የገባ ደግሞ ዝቅ ያለውን ይቀበል። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። ከዋናው መስመር ውጪ ያለን ታሪፍ የምታጸድቁት እናንተ፣ ፈቃዱን የምትሰጡትም እናንተ ናችሁ። መረጃው ደግሞ ያው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ጎረቤት መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው።

ከአክብሮት ጋር

አንድ የሶላር ሙያተኛ