የሚቀጥለው ንባባችን፦ ጆን ሪቻርድ ግሪን

ውድ የንባብ ክበባችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

በሚቀጥለው ስብሰባችን የምናነሳው እንግሊዛዊውን የታሪክ ጸሐፊ ጆን ሪቻርድ ግሪንን ነው። በ1837 ኦክስፎርድ ተወለደ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቄስ ሆኖ በምሥራቅ ለንደን የድሆች ሰፈር ለዓመታት አገለገለ። ጤናው ሲታወክ በ1869 አገልግሎቱን ተወ።

ትልቁን ሥራውን የጻፈው ሳንባ ነቀርሳ እያሠቃየው ነው። በ1874 የታተመው «የእንግሊዝ ሕዝብ አጭር ታሪክ» ከነገሥታትና ከጦርነት ይልቅ ሕዝቡን ያስቀድማል። በመቅድሙ እንደሚለው፣ ከክሬሲ ጦርነት ይልቅ ለገጣሚው ቾሰር፣ ከመሳፍንቱ ሽኩቻ ይልቅ ለአታሚው ካክስተን ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥቷል። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው። የድሆችን ደጅ ሲረግጥ የኖረ ሰው ታሪክን ከታች ቢያይ አይገርምም።

በ1883 ፈረንሳይ ውስጥ ማንቶን ላይ ሲያርፍ ገና 45 ዓመቱ ነበር። ጀምሮት የነበረውን መጽሐፍ ለኅትመት ያበቃችው ባለቤቱ አሊስ ናት። እሷም በኋላ በአየርላንድ ታሪክ ላይ በጻፈቻቸው መጻሕፍት ትታወቃለች። አንድ ቀን ለብቻዋ ብናነባት ደስ ይለኛል።

መቅድሙንና የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብባችሁ ኑ። ያልገባችሁን ቦታ ምልክት አድርጉበት፤ አብረን እናየዋለን።