ስለ ኮክፒት መስታወት ማሞቂያ ብልሽት

የተከበራችሁ አባላት፣

በጭነት አውሮፕላኖች የኮክፒት (የአብራሪዎች ክፍል) የፊት መስታወት ማሞቂያ ላይ የሚያጋጥም ብልሽት በረዶን ከመከላከል ጋር ብቻ ተያይዞ እንዳይታይ እናሳስባለን። ሙቀቱ በመስታወቶቹ መካከል ያለው የፕላስቲክ ንብርብር በቅዝቃዜ ተሰባሪ እንዳይሆን ስለሚያደርግ፣ ማሞቂያው ሲቋረጥ መስታወቱ የወፍ ግጭትን የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል፤ በቦይንግ 737 ማሞቂያው በማይሠራበት ጊዜ ከ10,000 ጫማ በታች ፍጥነት ከ250 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) እንዳይበልጥ የሚገደበውም ስለዚህ ነው።

የጥገና ባለሙያዎች የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ ሳጥን ከመቀየራቸው በፊት (በተግባር ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ግን ሳጥኑን መቀየር ነው) የሙቀት ሴንሰሩን ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለውን ተቃውሞ)፣ የእርጥበት መከላከያውን ጠርዝና በተለይም የኤሌክትሪክ መጋጠሚያውን ብሎኖች ይመርምሩ፤ የላላ ብሎን ብልጭታና ጭስ ሊያስከትል ይችላልና። አብራሪዎችም «አይሠራም» ብሎ ማለፍ ለመካኒኩ ስለማይጠቅመው፣ ብልሽቱ በየትኛው መስታወትና በምን ከፍታ እንደታየ በቴክኒክ መዝገቡ ላይ በዝርዝር ይጻፉ።