ሚሚዬ፣ ጁባ ሳትደርሺ አንብቢው

ሐምሌ 20 ቀን 2003 ዓ.ም.

ሚሚዬ የኔ ልጅ፣

ይህን ደብዳቤ ሻንጣሽ ውስጥ ከቢጫ ወባ ካርድሽ ጋር አስቀምጬዋለሁ። ካርዱን አሁኑኑ አውጪና በእጅ ቦርሳሽ ያዢው። ስትደርሺ ይጠይቁሻል።

ትናንት ማታ ከጓደኛሽ ጋር በስልክ ስታወሪ ሰማሁሽ። ስለ ደቡብ ሱዳኖች «እነሱን እኮ ያሳደግናቸው እኛ ነን» አልሽ። እየሳቅሽ ነው ያልሽው፤ ክፋት እንደሌለሽ አውቃለሁ። እኔ ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ልጄ፣ ውለታ እንዳትቆጥሪ።

ደቡብ ሱዳን ነፃ ከወጣች ገና ሦስት ሳምንት አልሞላትም። ሐምሌ 7 ነው 193ኛዋ የተባበሩት መንግሥታት አባል የሆነችው። አንቺ ለዲፕሎማትነት ፈተና ስታጠኚ የአገሮችን ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የሚደነግገውን የቪየናውን ስምምነት ጮክ ብለሽ ታነቢልኝ ነበር። ዕውቅናን አንድ አገር ብቻውን መስጠት ይችላል፣ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ግን በሁለቱም ፈቃድ ነው የሚመሠረተው አልሽኝ። አምባሳደር ሲላክም ተቀባዩ አገር አስቀድሞ ይሁን ማለት አለበት። እንቢ ካለ ደግሞ ለምን ተብሎ አይገደድም። ያኔ ገርሞኝ ነበር። ትናንት የተወለደ አገር ከአንጋፋው እኩል እንቢ ማለት ይችላል ማለት ነው እኮ! አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ቤቱ የእነሱ ነው።

ኢታንግን፣ የደቡብ ሱዳን ስደተኞቹን ሰፈር፣ ታውቂዋለሽ፤ አንቺን አያትሽ ዘንድ ትቼ ጋምቤላ የሠራሁበት ጊዜ ነው። ኑዌርኛ ስለማልችል አንድ ወጣት ስደተኛ ያስተረጉምልኝ ነበር። ከምሳዬ አካፍለው ነበር፣ ቋንቋም ያስተምረኝ ነበር። ይህን ሁሉ ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ።

አንድ ቀን መድኃኒት አለቀ። አንዲት እናት የታመመ ልጇን አቅፋ ካልሰጣችሁኝ አልሄድም አለች። አስተርጓሚዬም ለእሷ ወግኖ ተከራከረኝ። ደክሞኝ ነበር። «እኛ ባናስጠጋችሁ የት ትወድቁ ነበር?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ዞሮ ያልኩትን ቃል በቃል ተረጎመላት። ሴትየዋ ልጇን አዝላ ወጣች። እሱ በነጋታው እንደወትሮው መጣ፣ ሰላምም አለኝ። ከእኔ ጋር ምሳ ግን ከዚያ በኋላ አልበላም።

ግንቦት 1983 መንግሥት ሲለወጥ ኢታንግ በጥቂት ቀናት ባዶ ሆነ። ሕዝቡ በዚያ ዝናብ በእግሩ ድንበር ተሻግሮ ወደ አገሩ፣ ወደ ናስር ተመለሰ። እሱም ሄደ። ይቅርታ ሳልጠይቀው ሃያ ዓመት አለፈ።

ለዚህ ነው ደግሜ የምልሽ፦ ውለታ አትቁጠሪ። የመጀመሪያውን የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ያቆመው የ1964ቱ ስምምነት አዲስ አበባ መፈረሙ እውነት ነው። ስደተኞቹን ማስጠጋታችንም እውነት ነው። አሁንም ወታደሮቻችን ሁለቱ ሱዳኖች ወደሚወዛገቡባት አብዬ ሰላም ለማስከበር እየሄዱ ነው። ይህን እነሱ ካነሱት አመስግነሽ ዝም በይ። አንቺ አታንሺው። ካርቱም እንኳ ያን ያህል ዓመት ተዋግታቸው ሐምሌ 1 ቀን ከሁሉ ቀድማ ዕውቅና ሰጥታለች። በማግስቱ የሱዳኑ ፕሬዚዳንት አልበሽር ጁባ ተገኝተው የነፃነቱን በዓል ቁጭ ብለው አይተዋል። ለእሳቸው ይህ ቀላል ነበር? አንቺ አንዲት ቃል መዋጥ እንዴት ያቅትሻል? በምታረቅቂው ደብዳቤ ውስጥ «ስንረዳችሁ እንደቆየነው» የሚል መስመር ከገባ ሰርዢው። አለቃሽ መልሶ ከጻፈው በጨዋ ደንብ ምክንያቱን አስረጂው።

አጎበር ሳትዘረጊ እንዳትተኚ። ወባው ያደክማል፣ እኔ አውቀዋለሁ። አዲሱ ፓውንዳቸው ወጥቷል፣ የድሮው እየተሰበሰበ ስለሆነ መልስ ስትቀበዪ አይተሽ ተቀበዪ። እሑድ እሑድ ደውዪ። አባትሽ አልጨነቅም ይላል እንጂ ስልኩን ከአጠገቡ አይለይም።

የአስተርጓሚዬን ስም ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልሻለሁ። በሕይወት ካለ አሁን ወደ አርባ አምስት ይጠጋል። ብታገኚው እናቴ ይቅርታ ትልሃለች በይው። ሌላ ምንም አትጨምሪበት።

እናትሽ