ከአውድማው ዳር

ሰይዶ፣ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቻለሁ። አባትህ ሲያርፉ እንኳ አልደወልኩልህም። መርዶውን የሰማሁት ዘግይቼ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አፈርኩ። ይቅር በለኝ። አላህ ይዘንላቸው።

ባለፈው ሳምንት ወሎ፣ ሐይቅ ሄጄ ነበር። እናንተ አውድማ ላይ ጤፉ ተወቅቶ ተከምሯል። ጋቢዬን ተከናንቤ እዚያው አመሸሁ። ልጆች ሆነን ጤፍ ስንጠብቅ ኮከብ ቆጥረን የተጣላነው ትዝ አለኝ። አንተ «አያልቅም» ስትል እኔ «ያልቃል» ስል፣ አባትህ «ተዉ፣ ኪንታሮት ያወጣባችኋል» ይሉን ነበር።

መልሱን ይዤልሃለሁ። ጨረቃ በሌለበት ሌሊት በአንድ ጊዜ በዓይን የሚታየው ከ2,500 እስከ 3,000 ኮከብ ቢሆን ነው። 1 ግራም ጤፍም ያን ያህል ፍሬ ይወጣዋል። ከክምሩ ቆንጥሬ መዳፌ ላይ በተንኩት። ጣቶቼ መሃል ገባ፣ ላቤ ላይ ተጣበቀ። ያ ሁሉ የልጅነት ሰማያችን ይቺው ናት፣ ሰይዶ!

ፀሐያችን ያለችበት ግዙፍ የኮከቦች ስብስብ፣ ጋላክሲያችን ፍኖተ ሐሊብ ግን ከ100 እስከ 400 ቢሊዮን ኮከብ አለው። በጤፍ ብንሰፍረው ትንሹ ቁጥር እንኳ ከ300 ኩንታል ያልፋል።

ማን ቆጠረው ትለኛለህ። አንድ በአንድ የቆጠረ የለም። ጋላክሲው የሚሽከረከርበት ፍጥነት ክብደቱን ይናገራል። ከዚያ ላይ የማይታየውን ጨለማ ቁስና ጋዙን ቀንሰህ፣ የቀረውን ለአንድ ኮከብ አማካይ ክብደት ታካፍላለህ። አባትህ ክምሩን አይተው «ይሄ ይህን ያህል ቁና ይወጣዋል» እንደሚሉት ነው። የሚያስቸግሩት ትናንሾቹ ቀይ ኮከቦች ናቸው። በብዛት ከሁሉም ይበልጣሉ፤ ግን ደብዛዛ ስለሆኑ ከሩቅ አይታዩም። ግምቱ እንዲህ የሰፋበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጎረቤታችን የሆነችውን ጋላክሲ፣ አንድሮሜዳን አየኋት። በስተሰሜን ከፍ ብላ ትንሽ ጭጋግ ትመስላለች። ግሪኮች በተረታቸው አንድሮሜዳን የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ይሏታል። 1 ትሪሊዮን ገደማ ኮከብ አላት። ያ ብርሃን ዓይኔ ጋ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ተጉዟል። በዚያው ልክ ደግሞ 1,000 ገደማ ኮከብ ብቻ ያላቸው ድንክ ጋላክሲዎች አሉ። መዳፌ ላይ ካለው ጤፍ ያንሳሉ፤ ግን ጋላክሲ ናቸው። እኔን ከሁሉም በላይ የገረሙኝ እነሱ ናቸው።

ጤፉ ጎተራ ሳይገባ ና። አባትህ ይተኙበት የነበረው ቁርበት አሁንም አውድማው ዳር አለ፤ ለሁለታችን ይበቃናል።

ወንድምህ