ለወላጆችና አሳዳጊዎች፦ ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ሳምንታት ስለ ልጆች እንቅስቃሴና ውሎ

ክቡራን ወላጆችና አሳዳጊዎች፤

በኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ከእናንተ የሚደርሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የቤት ሥራን፣ ፈተናንና የኢንተርኔት መቆራረጥን የሚመለከቱ ናቸው። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ብዙም ስላልተጠየቅንበት ጉዳይ ነው፤ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ስለመዋላቸው።

በትምህርት ቀን አንድ ልጅ ሳያውቀው ብዙ ይንቀሳቀሳል። ቦርሳውን ተሸክሞ ይመጣል፣ ደረጃ ይወጣል ይወርዳል፣ በእረፍት ሰዓት ይሯሯጣል። ይህን ሁሉ የሚያስደርገው የቀኑ አሠራር እንጂ የማንም ጉትጎታ አይደለም። ቤት ውስጥ ግን አልጋው፣ ጠረጴዛውና ሶፋው በአሥር እርምጃ ውስጥ ናቸው። «ተነሥ፣ ተንቀሳቀስ» ማለት ሁለት ቀን ቢሠራ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ጭቅጭቅ ይሆናል። የሚያዋጣው እንቅስቃሴውን ቤት ውስጥ በየቀኑ ከሚደረግ ነገር ጋር ማሰር ነው፤ ከቁርስ በኋላ፣ አንድ ትምህርት ሲያልቅ፣ ከእራት በፊት። ልጁ የእረፍት ደወልን እንደሚጠብቀው ሁሉ እነዚህንም ይለምዳቸዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መካከለኛና ከበድ ያለ እንቅስቃሴ፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ በሳምንት ሦስት ቀን ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር ሥራ እንዲኖር ይመክራል። 60 ደቂቃ ሲባል አንድ ሰዓት ሙሉ በአንድ ትንፋሽ ይመስላል፤ አይደለም። ከመጀመሪያው ትምህርት በፊት 15 ደቂቃ፣ በትምህርቶች መካከል አራት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ፣ ወደ ማታ 25 ደቂቃ፤ ሲደመር 60 ይመጣል። አንዱ ቢያመልጥ ሌላው አለ። አንድ ሰዓቱን በአንድ ጊዜ ለመወጣት ያቀደ ቤት ግን ያቺ ሰዓት ካመለጠችው ቀኑ በሙሉ ያመልጠዋል።

እንቅስቃሴው በቂ መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ልጁ እየተንቀሳቀሰ ማውራት ከቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተው፣ መካከለኛ ነው። ጥቂት ቃላት ተናግሮ ትንፋሹን ለመሳብ የሚያቋርጥ ከሆነ ከበድ ያለው ነው። እየዘፈነ ከቀጠለ ገና ሰውነቱን እያሟሟቀ ነው ማለት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ቦታውን እዩ። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ከተገኘ ይበቃል። ጠርዘ ስለታም ጠረጴዛ ፈቀቅ ይደረግ፣ የሚንሸራተት ትንሽ ምንጣፍ ይነሣ፣ በካልሲ ብቻ በለስላሳ ወለል ላይ መዝለል ይከልከል። በእነዚህ ቀናት ሁላችንም ወለሉን በበረኪና መጥረግ አብዝተናል። ገና ያልደረቀ ወለል ያንሸራትታል፤ ሽታው ያልወጣ ክፍል ውስጥ በጥልቀት መተንፈስ ደግሞ ጉሮሮንና ሳንባን ያቃጥላል። መስኮቱን ከፍታችሁ ሽታው እስኪወጣ ጠብቁ።

ለትንሽ ቦታ ከገመድ ዝላይ የሚሻል ነገር አናውቅም፤ ስለዚህ እሱን ዘርዘር አድርገን እንጽፋለን። ከሱቅ የተገዛ መሆን የለበትም። የእጅ ትንሽ ጣት ውፍረት የሚጠጋ ገመድ ይበቃል፤ እንደ ሲባጎ የቀጠነ ከሆነ ክብደት ስለሌለው አየር ላይ ቅስት ሠርቶ አይዞርም፣ ይጣጠፋል። ርዝመቱን ለመለካት ልጁ የገመዱን መሐል በአንድ እግሩ ይርገጥና ሁለቱን ጫፎች ወደ ላይ ይሳብ፤ ብብቱ ጋ ከደረሰ ልክ ነው። ትርፉን ከመቁረጥ ይልቅ ጫፉ ላይ ቋጥሩት፤ ቋጠሮው እጀታ ይሆናል፣ ልጁ ሲያድግም ይፈታል። ከራሱ በላይ አምፖል ወይም መደርደሪያ አለመኖሩን አትርሱ።

ጨርሶ ለማያውቅ ልጅ ገመዱን በቀጥታ አትስጡት። በመጀመሪያ ሁለቱንም ጫፎች በአንድ እጁ ይዞ ከጎኑ ያዙረውና ገመዱ ወለሉን የሚነካበትን ድምፅ ይስማ። ከዚያ በየድምፁ ይዝለል፤ ገመዱ ገና በጎኑ ነው። ምቱ ከጆሮው ጋር ሲስማማ ብቻ ሁለቱን እጆች ይለይ። ይህን ደረጃ የዘለሉ ልጆች ገመዱ እግራቸው ላይ በተጠመጠመ ቁጥር ተበሳጭተው ይተዉታል።

ሲዘል ክርኖቹ ከጎኑ አይራቁ፤ የሚዞረው የእጅ አንጓ እንጂ ትከሻ አይደለም። እጆች ወደ ውጭ በተከፈቱ ቁጥር ገመዱ ያጥርና እግር ይይዛል፤ አብዛኛው መደናቀፍ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከመሬት መነሣት ያለበት ገመዱ የሚያልፍበትን ያህል፣ ማለትም ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ማረፊያው የእግሩ የፊት ክፍል ነው፤ ጉልበቱም በትንሹ ታጠፍ ይበል። በተረከዙ የሚያርፍ ልጅ በቀናት ውስጥ ቅልጥሙን ያመዋል። ለመጀመሪያው ሳምንት 20 ሰከንድ ዝላይ፣ 40 ሰከንድ እረፍት፣ አምስት ጊዜ። በሁለተኛው ሳምንት 30 በ30። ጫማ ይደረግ፤ በባዶ እግር ሲሚንቶ ላይ አይዘለል።

ፎቅ ላይ የምትኖሩ፣ ከታች ያለው ጎረቤትም ቤቱ እንደተቀመጠ አስቡ። ብርድ ልብስ አጥፎ ላዩ ላይ መዝለል መፍትሔ ይመስላል፤ ግን ይንሸራተታል፣ ቁርጭምጭሚትም ያጥፋል። በምትኩ ድምፅ የሌላቸውን ሥሩ፦ ጉልበትን እስከ ወገብ እያነሡ ቆሞ መራመድ፣ የመጨረሻዋን ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ወይም ጀርባን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ወንበር ላይ የተቀመጡ ያህል ወርዶ 20 ሰከንድ መቆየት። የኋለኛው ቀላል ይመስላል፤ እናንተም ሞክሩት።

ለጡንቻ ቁጭ ብድግና ፑሽአፕ ይበቃሉ። ቁጭ ብድግ ሲሠራ ተረከዝ ከመሬት አይነሣ፣ ጉልበቶችም ወደ ውስጥ ሳይገናኙ የእግር ጣቶችን አቅጣጫ ይከተሉ። ከኋላው ወንበር አስቀምጡለት፤ መቀመጫው ወንበሩን ሲነካ ይነሣ። ፑሽአፕን ደግሞ ከመሬት አታስጀምሩ። መጀመሪያ በግድግዳ፣ ቀጥሎ ግድግዳ ባስደገፋችሁት ጠረጴዛ ጠርዝ፣ ከዚያ በጉልበት፣ በመጨረሻ መሬት። በአንዱ ደረጃ 12 ጊዜ ሳይቸገር ሲሠራ ወደሚቀጥለው ይለፍ። ሆዱ ወደ መሬት ከረገበ ደረጃው ከብዶታል፤ ወገቡን ሳያመው ወደ ኋላ መልሱት። ክብደት ማንሣት ለሚፈልግ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ በውኃ ሲሞላ ግማሽ ኪሎ፣ በደረቅ አሸዋ ሲሞላ ደግሞ ስምንት መቶ ግራም ገደማ ይሆናል። ክዳኑን በፕላስተር አሽጉት፤ ያለዚያ ጽዳቱ የእናንተ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ቁጭ ብድግ ለብዙዎቻችን ከቅጣት ጋር የተያያዘ ነው። ልጁ ሲያጠፋ «ሃምሳ ቁጭ ብድግ» ካላችሁት፣ በማግስቱ ለጤናህ ሥራ ስትሉት ማን ይሰማችኋል? እንቅስቃሴን ቅጣት አታድርጉ፤ ሌላ ቅጣት አይጠፋም።

የማታውን 25 ደቂቃ ለጨዋታ ተዉት፤ ቤተሰቡ በሙሉ የሚገባበትም እሱ ነው። ሁለት ካልሲ እርስ በርሱ ጠቅልላችሁ በሦስተኛው ውስጥ ብትከቱት ብርጭቆ የማይሰብር ኳስ ይወጣዋል። ሦስት ሜትር ርቆ ባልዲ ውስጥ መጣል፤ ያልገባለት ሮጦ ያምጣ። መሮጡ ነው ዋናው፤ ውጤቱን ግን ልጆቹ ከልባቸው ይቁጠሩት። ወለል ላይ በወረቀት ፕላስተር የተሠመረ ሰኞ ማክሰኞም ለሳምንታት ያገለግላል። ዕድሜያቸው የተራራቀ ወንድምና እህት እርስ በርስ ሲፎካከሩ ትንሹ ሁሌ ይሸነፋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የትናንቱን የራሱን ቁጥር ለመብለጥ ይጫወት።

ሦስትና አራት ዓመት ለሆናቸው ፕሮግራም አያስፈልግም። በቀኑ ውስጥ ተበታትኖ 180 ደቂቃ ይንቀሳቀሱ፤ መንገዱን ካልዘጋችሁባቸው ራሳቸው ያደርጉታል። ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ ያሉት ናቸው የሚያስቸግሩት። ለእነሱ ዓይነቱንና ሰዓቱን እንዲመርጡ ስጧቸው፣ መሠራቱን ብቻ አታስቀሩ። በቪዲዮ ከጓደኛቸው ጋር አብረው ቢሠሩ የተሻለ ነው፤ የናፈቃቸው ከስፖርቱ ይልቅ ጓደኛው ነውና።

የታመመ ልጅ አይንቀሳቀስ። ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ካለ እረፍት ብቻ ነው። በቫይረሱ ታሞ የዳነም ምልክቶቹ ሁሉ ከጠፉ በኋላ በእግር መንቀሳቀስ ጀምሮ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጨምር። እየሠራ ደረቱን ካመመው፣ ልቡ ካለመጠን ከመታ ወይም ራሱን ካዞረው ወዲያው አቁሞ ሐኪም ይየው፤ በስልክም ቢሆን አማክሩ። አስም ያለበት ልጅ ከመጀመሩ በፊት አሥር ደቂቃ ቀስ ብሎ ሰውነቱን ያሟሙቅ፤ የሚስበው መድኃኒትም በሌላ ክፍል ሳይሆን እጁ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ይሁን።

ትምህርቱ በስክሪን በመሆኑ ዓይንም ይደክማል። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ስድስት ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ማየት ይረዳል፤ መስኮት ለዚህ ምቹ ነው። ከቤት መውጣትን የሚገድበው መመሪያ በሚፈቅደው መጠን በረንዳ ወይም ግቢ አውጧቸው። የቀን ብርሃን ልጆች የቅርብ ብቻ የሚያይ ዓይን እንዳይዛቸው ይረዳል፤ የቤት ውስጥ መብራት የቱንም ያህል ቢደምቅ ያን ያህል አይደርስም። እንቅልፍ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉት ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ላሉት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ስልኩ ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ከክፍሉ ይውጣ፤ ከበድ ያለው እንቅስቃሴም ከዚያ በፊት ይለቅ።

አሁን ወደ ቀሪው ውሎ። ቀኑን በደቂቃ የከፋፈለ ባለ ቀለም ፕሮግራም ግድግዳ ላይ መለጠፍ ያስደስታል፤ በአራተኛው ቀን ግን ማንም አያየውም። ሦስት ቋሚ ሰዓቶች ይበቃሉ፤ የመነሻ፣ የምግብና የመኝታ። በመሐሉ ልጁ ቢሰለች አትደንግጡ። ስልክ ሳትሰጡት ግማሽ ሰዓት ታገሡ፤ አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ሥራ ይፈጥራል።

እውነተኛ ኃላፊነት ያለው ሥራም ስጡት። «እናትህን አግዝ» ማለት ሥራ አይደለም፤ መቼ እንደጨረሰ አያውቅም። «ከምሳ በኋላ ያለው የዕቃ አጠባ ያንተ ነው» ማለት ግን መጀመሪያም መጨረሻም አለው። ቁልፍ መስፋት፣ ልብስ ማጠፍ፣ ክፍሉን በሜትር ለክቶ በወረቀት ላይ መንደፍ፤ እነዚህ ሁሉ ትምህርት ናቸው።

ለሁለት ሳምንት የሚያቆይ አንድ ነገር ብቻ ከጠየቃችሁን፣ የቦሎቄ ፍሬ ነው። ሦስት አራት ፍሬ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ይደር። ብርጭቆ ውስጥ ጥጥ ሙሉና አርጥቡት፤ ፍሬዎቹን ከውጭ እንዲታዩ በጥጡና በብርጭቆው ግድግዳ መካከል አስገቡ። ጥጡ እርጥብ ይሁን እንጂ ከታች ውኃ አይቋጠር፤ ፍሬው ለመብቀል አየር ይፈልጋል፣ በውኃ ከተዋጠ ይሸታል፣ ይሻግታል። ብዙዎች የሚያበላሹት በመርሳት ሳይሆን ውኃ በማብዛት ነው። ሞቅ ባለ ቦታ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ውስጥ ሥሩ ይወጣል። ሥሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ብርጭቆውን በጎኑ አስተኙት። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሥሩ ታጥፎ እንደገና ወደ ታች ያመራል። ልጁ በየጠዋቱ በማስመሪያ ለክቶ ይመዝግብ፤ የተመዘገበውን ትምህርት ቤቱ ሲከፈት የሳይንስ መምህራኑ ያዩለታል።

ልጆቻችሁ ሲንቀሳቀሱ በቪዲዮ ቀርጻችሁ እንድትልኩልን አንጠይቅም፤ ነጥብም አንሰጥበትም። ልጃችሁ የጤና እክል ኖሮበት ከላይ ከተጻፈው የትኛው እንደሚስማማው ካላወቃችሁ ግን ለክፍሉ ተጠሪ መምህር ንገሩት፤ ከስፖርት መምህሩ ጋር ተነጋግሮ የሚስማማውን ይልክላችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር