ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ መጀመሪያው ኮርቻሽ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔም እናትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የመጀመሪያውን የዌስተርን ኮርቻ፣ ማለትም የአሜሪካ ከብት ጠባቂዎች የሚቀመጡበትን ባለ ቀንድ ኮርቻ፣ በገዛ እጅሽ ለመሥራት ቆርጠሽ መነሣትሽን፣ እንጨቱንም ቆዳውንም ገዝተሽ ማስገባትሽን፣ በጎን ክንፎቹ ላይ የምትቀርጪውን የአበባ ሐረግ እንኳ በወረቀት ነድፈሽ መጨረስሽን ሳነብ ልቤ በደስታ ሞላ። የጠየቅሽኝ ግን ስለ አበባው ብቻ ነው። መልሱን አልነፍግሽም፤ ነገር ግን ከእርሱ በፊት ከአበባው ሥር ስለሚቀበረው፣ ኮርቻው አንድ ጊዜ ካለቀ በኋላ ከፈረሱ ጀርባና ከተቀማጩ አካል በቀር ማንም ስለማያውቀው ሥራ ልጽፍልሽ እወዳለሁ።

ባለሙያዎች «ትሪ» የሚሉት እንጨት የኮርቻው አፅም ነው። በፈረሱ አከርካሪ ግራና ቀኝ የሚጋደሙት ሁለት የጎን እንጨቶች፣ እነርሱን ከፊት የሚያያይዘው ቅስት፣ ከኋላ የሚያያይዘው መደገፊያና በቅስቱ አናት ላይ የሚቆመው ቀንድ ተገጣጥመው፣ ሁሉም በረጠበ ጥሬ ቆዳ ይለበጡና ይሰፋሉ። ጥሬ ቆዳው ሲደርቅ እየተኮማተረ እንጨቱን አጥብቆ ስለሚይዘው የአፅሙ ጥንካሬ ግማሹ ከዚህ ልባስ የሚገኝ ነው፤ ስለዚህም ፀሐይ ላይ ወይም እሳት አጠገብ እንዳታኖሪው፣ አንዱ ወገን ቀድሞ ከደረቀ መላው እንጨት ሊጣመም ይችላልና።

አንድም ቆዳ ሳትቆርጪ ይህን እንጨት ራቁቱን በፈረሱ ጀርባ ላይ አስቀምጪው። የጠመኔ ዱቄት በጎን እንጨቶቹ ሥር ብታደርጊበት የት እንደ ነካ፣ የትስ እንዳልነካ በግልጽ ያሳይሻል። ሁለቱ ጫፎች ነክተው መካከሉ ክፍት ከሆነ ክብደቱ ሁሉ በአራት ነጥብ ላይ ይወድቃል፤ መካከሉ ብቻ ነክቶ እንደ ጀልባ የሚወዛወዝ ከሆነም ያው ክፉ ነው። አከርካሪው ከፊት እስከ ኋላ ነጻ ይሁን። የፊተኛው ጫፍ የትከሻውን አጥንት እንቅስቃሴ አይከልክል፤ የኋለኛውም ከመጨረሻው ጎድን አልፎ ወደ ወገቡ አይዝለቅ። ፈረስ በእያንዳንዱ ጎን 18 ጎድን አለው፤ ተቀማጩን ሊሸከም የሚችለው ይህ በጎድን የተደገፈው ጀርባ ነው። የተሠራ የዌስተርን ኮርቻ ብቻውን 14 ወይም 18 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ተቀማጩን ስትጨምሪበት በመዳፍ የምትሸፍኚያት ትንሽ ስህተት ለፈረሱ ትንሽ እንዳልሆነች ይገባሻል።

ይህ ኮርቻ የዛሬውን መልክ ለምን እንደ ያዘ ማወቅሽም ለእጅሽ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1519 የስፔኑ ጦር መሪ ኮርቴዝ ሜክሲኮ ሲደርስ 16 ፈረሶች ይዞ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት «ቫኬሮ» የተባሉት የሜክሲኮ ከብት ጠባቂዎች የስፔኖችን ኮርቻ ለራሳቸው ሥራ እያስማሙ ለወጡት። ሥራቸው ከፈረስ ሳይወርዱ ከብት በሸምቀቆ ገመድ መያዝ ስለ ነበረ፣ ገመዱን የሚያስሩበት ወይም የሚጠመጥሙበት ቀንድ ከፊት ተተከለ። የቴክሳስና የካሊፎርኒያ ካውቦዮች ኮርቻውን ከነስሙ ወረሱት፤ ገመድን በቀንዱ ላይ መጠምጠም «ዳሊ» የሚባለው፣ የሆድ ማሰሪያው «ሲንች»፣ የእርሱ ማጥበቂያ ጠፍርም «ላቲጎ» የሚባለው ሁሉ ከስፔንኛ የመጣ ነው። ይህን የምነግርሽ ለታሪኩ ብቻ አይደለም። ብዙ መቶ ኪሎ የሚመዝን ወይፈን ገመዱን ሲስብ ኃይሉ ከቀንዱ ወደ ቅስቱ፣ ከቅስቱ ወደ ጎን እንጨቶቹ፣ ከእነርሱም ማሰሪያው ወደሚንጠለጠልበት ቀለበት ይወርዳል፤ የኮርቻው የኋላ ክፍል እንዳይነሣ የሚይዘውም ሁለተኛው፣ የኋለኛው የሆድ ማሰሪያ ነው። ስለዚህ ቀለበቶቹን የምትይዢበት ቆዳ ከቆዳሽ ሁሉ የተመረጠው ይሁን፤ ስፌቱም ምስማሩም የሚታይ ጌጥ ያህል ትኩረት ይሰጠው።

ስለ ቆዳው ብዙ አልልሽም፤ በዛፍ ቅርፊት የለፋ፣ ውፍረቱ ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር የሚደርስ መሆኑን ጽፈሽልኛል፤ ትክክለኛው እርሱ ነው። ከጀርባው በኩል ያለውን ጥብቅ ክፍል ለእርካብ ጠፍሮችና ለቀለበት መያዣዎች አስቀሪው፤ የሆድ ዕቃው በኩል ያለው ስለሚለጠጥ ኃይል የሚሸከም ነገር አይቆረጥበትም። ጥንዶቹን ክፍሎች ከሁለቱ ጎን ቆዳ ከተመሳሳይ ቦታ አውጪያቸው። ደግሞም ቅዱን በቆዳው ላይ አኑረሽ ከነደፍሽ በኋላ ለሁለተኛው ጎን መገልበጥሽን ሳታረጋግጪ ቢላዋ አታንሺ፤ እኔ በመጀመሪያው ኮርቻዬ ሁለቱንም ክንፎች የግራ አድርጌ ቆርጬ፣ ከሁሉ የሚያምረውን ቆዳ ለትንንሽ ጠፍር ማዋል ግድ ሆኖብኝ ነበር። ቆዳውን ስታረጥቢው ጥፍርሽን አሳጥሪ፣ ቀለበትሽን አውልቂ፤ በእርጥብ ቆዳ ላይ የቀረ ጭረት አይሽርም፣ ብረት ያረፈበትም ቦታ ይጠቁራል፤ ብረቱ ቆዳው ከለፋበት ታኒን ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው ጥቁረት ነውና ታጥቦ አይለቅም።

አሁን ይህን ደብዳቤ ወደ አስጻፈኝ ነገር ልምጣ። በሁለቱ የጎን እንጨቶች መካከል ያለው ክፍት ቦታ በላሜራ ይሸፈንና በላዩ ላይ ቆዳ በቆዳ እየተጣበቀ፣ ጠርዙ በቢላዋ እየሳሳ፣ ከዚያም እየተፋቀ የመቀመጫው መሠረት ይቀረጻል። ኮርቻ ሰሪ የሚለየው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። የተቀማጩ ጭን በሚያልፍበት ቦታ መሠረቱ ጠበብ ማለት አለበት፤ ሰፊ ከሆነ ዳሌን እየከፈተ ያደክማል። ከሁሉ ዝቅ ያለው ቦታ ወደ ፊት ቀረብ ብሎ ተቀማጩ ከእርካቡ በላይ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ ማድረግ አለበት እንጂ ከመደገፊያው ሥር ተወሽቆ እግሩን ወደ ፊት እንዲዘረጋ አያስገድድም። ይህን በዓይን ብቻ አትለኪውም። ፍቀሽ ትቀመጪበታለሽ፣ ተነሥተሽ ትፍቂያለሽ፣ እንደገና ትቀመጪበታለሽ።

እኔ የመጀመሪያውን ኮርቻዬን መሠረት ለመቅረጽ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኝ ነበር። ጨረስሁ ብዬ ስቀመጥበት ሰውነቴ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ መደገፊያው ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። አንዴ ብቻ አልነበረም፤ ደጋግሜ ወጥቼ ወርጄ ሁልጊዜም ያው ሆነ። ዝቅ ያለው ቦታ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ እንደ ቀረ ማወቄን ልክድሽ አልችልም። ነገር ግን የሦስት ሳምንት ድካሜን ማፍረስ ከበደኝና የመቀመጫው ቆዳ ሲለብስ ይሞላዋል፣ ሲነዳበትም ይለምዳል ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ቆዳውን አረጠብሁ፣ ወጥሬ አለበስሁት፣ ሰፋሁት፣ ቀለም ቀባሁት። ያየው ሰው ሁሉ አመሰገነኝ፤ እኔም ምስጋናውን ተቀበልሁ።

በሁለተኛው ወር ላይ ኮርቻውን አውርጄ ላቡን ስጠርግ ከኮርቻው የኋላ ጫፍ ሥር በነበረው ቦታ ፈረሱ ከእጄ ሸሸ። ጠጉሩን ገለጥ አድርጌ ሳይ ቆዳው አብጦ ሊገጠብ ተቃርቦ ነበር። ክብደቴ ሁሉ በተሳሳተው ቦታ ላይ ማረፉን ስንት ቀን በዝምታ ተሸክሞልኝ እንደ ነበረ ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል። ቁስሉ ሽሮ ጠጉሩ ሲበቅል በዚያ ቦታ ነጭ ሆኖ በቀለ፤ ፈረሱም ከነምልክቱ ኖረ። የመቀመጫውን ቆዳ ለማንሣት ስፌቱን ሁሉ መፍታት፣ ማጣበቂያውንም ማላቀቅ ስለ ነበረብኝ ያ ቆዳ ተቀዶ ተበላሸ። ከዚያ መሠረቱን አፍርሼ እንደገና ለመቅረጽ የፈጀብኝ ጊዜ ግን፣ ልጄ፣ አራት ቀን ብቻ ነበር። ሦስት ሳምንቱ የመማሪያ ጊዜ ስለ ነበረ ለሁለተኛው ሥራ እጄ ዝግጁ ነበረች፤ አፍርሼው ቢሆን ኖሮ የማጣው ያን ያህል ነገር አልነበረም። ይህን በዚያ ቀን የሚነግረኝ ሰው ስላልነበረ ነው ዛሬ አስረዝሜ የምጽፍልሽ።

የቀረውን ሥራ እጅሽ ያውቀዋል። ለስፌቱ አንድ ክር በሁለት መርፌ ይዘሽ በእያንዳንዱ የወስፌ ቀዳዳ ሁለቱንም አሳልፊ፤ በዚህ መንገድ የተሰፋ ነገር አንዷ ስፌት ብትበጠስ ሌሎቹ ይይዙታል። በአንድ ኢንች 5 ወይም 6 ስፌት ይበቃል። የመደገፊያውን ጠርዝ የሚከብበው ቅንብብ ከስፌቱ ሁሉ ከባዱ ነው፤ ወስፌው ከፊት ቀጥ ብሎ ገብቶ ከኋላ በኩል ከመስመር መውጣት ይወዳልና በተቆራረጠ ቆዳ ላይ ተለማመጂ፣ በዚያም ቀን ሌላ ሥራ አትጀምሪ። ለጎን ክንፎቹ ውስጥ የምታለብሺውን አጎዛ ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለውን ምረጪ። የእርካብ ጠፍሮቹን ደግሞ አርጥበሽ፣ እርካቦቹ ወደ ፊት እንዲዞሩ ጠምዝዘሽ፣ በሁለቱም መካከል ዘንግ አሳልፈሽ አሳድሪያቸው፤ ይህ ካልተደረገ ጠፍሩ ሁልጊዜ ወደ ቦታው ሊመለስ ሲታገል የተቀማጩን ጉልበት ያሳምማል።

ስለ አበባው፦ እያንዳንዱ ክፍል በእንጨቱ ላይ ረጥቦ ቅርጹን ከያዘና ጠርዙ በልኩ ከተቆረጠ በኋላ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከመገጠሙና ክንፎቹም አጎዛ ከመልበሳቸው በፊት ይቀረጻል። አስቀድመሽ ብትቀርጪው ቆዳው ሲወጠር ሐረጉ ይዛባል። የመቀመጫው አበባም እንዲሁ መቀመጫው በመሠረቱ ላይ በትክክል ከተስማማ በኋላ ነው። ንድፍሽ ግን እጅግ አምሮኛል፤ በተለይ ሐረጉ ከቀለበቱ ሥር ዞሮ የሚመጣበት ቦታ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። መሠረቱን ፍቀሽ ጨረስሁ ያልሽ ዕለት በላዩ ላይ ተቀምጠሽ፣ እግርሽን በእርካቡ ቦታ አድርገሽ፣ ሰው ከጎን ፎቶግራፍ እንዲያነሣሽ አድርጊና ላኪልኝ። ትከሻሽ፣ ዳሌሽና ተረከዝሽ በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን እኔም ልይልሽ። መልሴ እስኪደርስሽ ድረስ የመቀመጫውን ቆዳ እንዳታረጥቢው።

አባትሽ